መጀመሪያ ልመን ወይስ መጀመሪያ ልታዘዝ?

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ በኪራይ። የምሠራው ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው፣ ካሸር ሆኜ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ተብሎ ነው። ያለ ደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ አሠሪዬም ደስ ይለዋል። ደረሰኝ የግድ የሚፈልግ ከመጣ ደግሞ ማሽኑ የሚያወጣው ዋጋና እኔ የምቀበለው ብር አይገናኙም። ማታ ሁለት ደብተር ይዘጋል። ሁለቱንም የምዘጋው እኔ ነኝ።

"ሁሉም የሚያደርገው ነው" ልትሉኝ ከሆነ አትድከሙ፤ እሱን ለራሴ ስነግረው ከርሜያለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄን ነገር እንድተው እግዚአብሔር እየተናገረኝ እንደሆነ ልቤ ያውቃል። ግን አላመንኩትም። መኖሩን አምናለሁ። የኪራይ ቀን ሲደርስ ይደርስልኛል ወይ የሚለው ላይ ነው የምወድቀው። አከራዬ ጨምሪ ብላኛለች። ልጄ ዘንድሮ ኬጂ ገብታለች። እናም ጸሎቴ "ጌታ ሆይ፣ መጀመሪያ እንዳምንህ አድርገኝ፣ ከዚያ እታዘዝሃለሁ" ሆኗል። ከጸሎት ስነሳ ያው ነኝ።

እናንተ በእግዚአብሔር መታመንን እንዴት ተማራችሁ? እባካችሁ ጥቅስ ብቻ ጥላችሁ አትሂዱ።

ቀጥተኛው (ጀሞ)

እህቴ፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ሥራ ይዞ ሕሊናን መጨቆን እንጂ ሥራ ለቆ ሕሊናን መቀለብ አይቻልም። እኔ ብሆን እቀመጣለሁ። ደብተሩ የሰውዬው ነው፣ ኃጢአቱም የሰውዬው ነው።

ጡረተኛው (አቃቂ)

ልጄ፣ ጥቅስ ጥላችሁ አትሂዱ ብለሻል። እኔ ጥቅሱን ይዤ አብሬሽ እቀመጣለሁ።

እስራኤል ሁለት ጊዜ ውኃ ተሻግሯል። የመጀመሪያው ቀይ ባሕር ነው። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ የምሥራቅ ነፋስ ነፈሰ፣ ባሕሩ ተከፈለ፣ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ገባ። ትናንት ከባርነት የወጡ ሰዎች ናቸው። እግዚአብሔር ደረቁን መንገድ በዓይናቸው አሳይቶ ነው ያስገባቸው።

ሁለተኛው ዮርዳኖስ ነው። ኢያሱ ምዕራፍ 3 ላይ ታገኚዋለሽ። አሁን አርባ ዓመት መና በልተዋል። ጊዜው መከር ነው፣ ወንዙ ዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ታቦቱን የተሸከሙት ካህናት መጀመሪያ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ይነክራሉ፣ ውኃው ከዚያ ይቆማል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ውኃው የቆመበት ቦታ ነው። እግራቸው ሥር አይደለም። ከላይ በኩል፣ እጅግ ርቆ፣ አዳም በምትባል ከተማ አጠገብ ነው የተከመረው። እስቲ ካህኑን አስቢው። እግሩን ሲያስገባ ከፊቱ የሚያየው ያንኑ ሙሉ ወንዝ ነው። ሥራው የሚሠራው እሱ በማያየው ቦታ ነው።

አንቺ የቀይ ባሕሩን ዓይነት እየለመንሽ ነው። ጌታ ደግሞ ምናልባት ዮርዳኖስ ደርሰሻል እያለሽ ይሆናል። ይሄን ስል ነገ ጠዋት ተነሥተሽ ሥራሽን ልቀቂ ማለቴ አይደለም። እሱን ሌሎች ይናገሩበት።

ቀጥተኛው (ጀሞ)

ጋሼ፣ ስብከቱ አሪፍ ነው። ዮርዳኖስ ዳር ግን የቤት ኪራይ አልነበረም።

ጡረተኛው (አቃቂ)

ልጆች ግን ነበሩ።

ወለተ ኪዳን (የካ አባዶ)

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ከደጃችሁ ገብቼ ብናገር ቅር እንደማይላችሁ አምናለሁ።

ስንክሳራችን ጥቅምት 20 ቀን አባ ዮሐንስ ሐጺርን ያስባል። ቁመቱ አጭር ስለነበር ነው ሐጺር የተባለው። ወጣት መነኩሴ ሳለ መምህሩ ደረቅ እንጨት በረሃ ላይ ተከለና "እስኪያፈራ ድረስ በየቀኑ ውኃ አጠጣው" አለው። ውኃው ሩቅ ነው። ማታ ሄዶ ጠዋት ነው የሚመለሰው። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለመለመና አፈራ። መምህሩ ፍሬውን ይዞ ለወንድሞች "እንካችሁ፣ ከመታዘዝ ፍሬ ብሉ" አላቸው።

ይሄን ታሪክ ልጅ ሆኜ ስሰማው ዮሐንስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ያፈራል" ብሎ ያመነ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስለ ስሜቱ የተነገረን ነገር የለም። የተነገረን ውኃ መቅዳቱ ነው። መንገድ ላይ ስንቴ አጉረምርሞ ይሆን? የትኛው ሰው ነው በረሃ ላይ እንጨት እያጠጣ ልቡ ዕለት ዕለት የሚሞላ?

እህቴ፣ ልብሽ እስኪሞላ አትጠብቂ። ግን በትልቁም አትጀምሪ። እኛ ረቡዕና ዓርብ የምንጾመው ለዚህም ይመስለኛል። ሆድ "አሁን" ሲል "ቆይ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም" ማለት ትለምጃለሽ። ትንሽ ነገር ነው። ትልቁ ቀን ሲመጣ ግን "ቆይ" ማለትን ከዚያ በፊት የለመደ ሰው ነው የሚቆመው። ደግሞ ብቻሽን አትወስኚ። እኛ ለንስሐ አባታችን እንናገራለን። እናንተም የምታማክሩት ሽማግሌ አይጠፋም።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)

ወለተ ኪዳን፣ "ውኃ መቅዳቱ ነው" ያልሽው ውስጤ ገባ። አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም።

የሱሉልታው

እኔ ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር። እዚህ የተጻፈው ሁሉ ውኃው ቆመ፣ እንጨቱ አፈራ ነውና።

ግንባታ ሳይት ላይ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት አስተዳዳሪው የዕቃ ገቢ ሞዴል ይዞ መጣ። ሲሚንቶ ገብቷል ይላል። ሲሚንቶ አልገባም። የቆምነው መጋዘኑ በር ላይ ነው። ውስጥ ያለው የተቀዳደደ ከረጢትና ጥቂት ጥቅል ፌሮ ነው። ወረቀቱ ላይ ያስረከበው ፈርሟል፣ ያጸደቀው ፈርሟል። የቀረው የተረካቢው ነው፣ የኔ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም። አስተዳዳሪው የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ ሰጠኝ።

"ነገ ይገባል፣ ዛሬ ፈርም" አለ።

"ነገ ሲገባ ነገ እፈርማለሁ" አልኩት።

የነበረኝ ድፍረት በሙሉ ይሄው ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እስክሪብቶውን ስመልስለት ክዳኑ ከእጁ ወደቀ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። መኪናው ሄደ።

አላባረሩኝም። ኮንትራቴ ሲያልቅ ሳይታደስ ቀረ፣ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ሥራ ፈታሁ። ማንም አልደወለም። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ስጥ ሲሉኝ ምን ብዬ ልመስክር? ሥራ ያጣሁበትን? ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሳንቡሳ እየጠበሰች በር ላይ ሸጠች። እኔ የቀን ሥራ ወጣሁ። አሸዋ መንፋት፣ ብሎኬት ማቀበል። የሚያውቁኝ የሳይት ሰዎች ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፣ እኔን ላለማሳፈር።

አሁን ሥራ አለኝ። ደሞዙ ከድሮው ያንሳል። ስለዚህ "እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ መለሰልኝ" ብዬ አልዋሽሽም። እንዲህ የሚመሰክሩ ሰዎችን አልቃወምም፣ ይመልስላቸው። የኔ ታሪክ ግን እሱ አይደለም።

አንቺ የጠየቅሽው መታመንን እንዴት ተማራችሁ ብለሽ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምፈራው ሥራ ማጣትን ነበር። አጣሁ። ልጆቼ ግን ጦማቸውን አላደሩም። አንዳንድ ቀን ሽሮ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን ሽሮውም የሰው ነበር። የዕድር ሰዎች፣ የጸሎት ቡድናችን፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማላውቃት ጎረቤት። የፈራሁት መጣ፣ እግዚአብሔርም እዚያው ነበር። ዳንኤል 3 ላይ ሦስቱ ልጆች ንጉሡን አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም አንሰግድም ያሉት ያኔ ነው የገባኝ። ድሮ የምታመነው ይሰጠኛል ብዬ ነበር። አሁን ባይሰጠኝም አብሮኝ እንደሚሆን አይቻለሁ። ያንን ወረቀት ፈርሜ ቢሆን ይሄን የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

ቀጥተኛው (ጀሞ)

ወንድሜ፣ ልከራከር ነበር የመጣሁት። ትቼዋለሁ። አከብርሃለሁ።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)

ባለቤትህስ ምን አለች?

የሱሉልታው

"እኔን ሳታማክር?" ብላ ተቆጣች። "ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም ነበር እኮ" ስላት ሳቀች። ሳንቡሳውን ያመጣችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

አንዴ የተቃጠለ ቤት (ቡራዩ)

ይሄን ሁሉ በደስታ እያነበብኩ ነው፣ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። "ታዘዢ" የሚለውን ስሰማ ሆዴ ይሸበራል።

እህቴን አንድ ሰው፣ ስሙንም ቦታውንም አልጠራም፣ "እግዚአብሔር የሠርግ ወርቅሽን ዝሪ ብሏል፣ ብትታዘዢ ማሕፀንሽ ይከፈታል" አላት። አንገቷ ላይ ያለውን፣ የጆሮዋን፣ የእጇን ሰጠች። ልጅ አልመጣም። ስትጠይቀው "እምነትሽ ጎደሎ ስለሆነ ነው" አላት። ወርቁንም እምነቷንም ወሰደባት። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር አትረግጥም።

ስለዚህ መታዘዝ ስትሉ ለማን እንደሆነ ተናገሩ።

ጡረተኛው (አቃቂ)

ልጄ፣ ልክ ነሽ። እህትሽን እግዚአብሔር ያጽናናት።

1ኛ ነገሥት 13ን አንብቢ። ብዙ ጊዜ አይሰበክም፣ ለምን እንደማይሰበክ እኔም ይገባኛል። ከይሁዳ የመጣ የእግዚአብሔር ሰው ነበር። እንጀራ እንዳትበላ፣ ውኃ እንዳትጠጣ፣ በመጣህበት መንገድ እንዳትመለስ ተብሏል። ንጉሡ ና እንብላ ሲለው እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነቢይ መንገድ ላይ አገኘውና "እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፣ መልአክ ተናግሮኛል፣ ና ቤቴ እንጀራ ብላ" አለው። መጽሐፉ ዋሽቶ ነው ይላል። ሰውዬው አመነው፣ ሄዶ በላ። ሲመለስ አንበሳ ገደለው።

ንጉሥን እምቢ ያለ ሰው በነቢይ ተሸነፈ። ከእግዚአብሔር የሰማውን ለቆ ሰው ሰማሁ ያለውን ያዘ። ለዚህ ነው እኔ ሰው "ጌታ እንዲህ በል ብሎኛል" ሲለኝ በመጀመሪያ የማየው አስቀድሞ የተጻፈውን ነው። አትዋሽ፣ አትስረቅ፣ ለድሀ አደጉ ድረስ፣ የሠራተኛህን ደሞዝ አታዘግይ። ይሄን ለማወቅ ነቢይ አያስፈልግም። ወርቅም አያስከፍልም።

አንዴ የተቃጠለ ቤት (ቡራዩ)

ለእህቴ ልልክላት ነው።

ባለጀሪካኗ (ቱሉ ዲምቱ)

እኔ ረጅም መጻፍ አልችልም፣ ሊጥ አቡክቼ ነው የመጣሁት። ግን የኤልሳዕን ዘመን መበለት አስታወስኩ። 2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችውን። ባሏ ሞቷል፣ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ ሊያደርግ መጥቷል። ቤቷ ያለው አንድ ማሰሮ ዘይት ነው። ኤልሳዕ "ከጎረቤቶችሽ ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ ጥቂት አይሁን" አላት።

አስቡት እስቲ። ዘይቱ ገና አልበዛም። እሷ በየቤቱ እየዞረች ባዶ ዕቃ ትለምናለች። "ምን ልትጨምሪበት ነው?" ብትባል መልስ የላትም። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን የሚደረደረው ቧንቧው ደርቆ ሳለ ነው። ውኃው ሲመጣ ጀሪካን ፍለጋ የሚወጣ ሰው ሳይቀዳ ፈረቃው ያልፋል።

ዘይቱም የቆመው ማድጋው ሲያልቅ ነው። ያኔ ነው "ሌላ የለም" ሲባል ቀጥ ያለው። የኮዬዋ፣ ባዶ ዕቃሽን አውጪ። ሌላ ሥራ መጠየቅ፣ ሲቪ ማስተካከል፣ ለሰው መናገር፣ ይሄ ሁሉ ማድጋ ነው። በሉ ደህና እደሩ።

ሮሜ አንባቢ (ለገጣፎ)

ይቅርታ፣ ላቋርጥ። አንዳንዱ መልስ ላይ "ታዘዝና ይቀበልሃል፣ ታዘዝና ይሰጥሃል" የሚል ሽታ አለ። ወንጌል እንዲህ አይደለም። በእግዚአብሔር ፊት የምንቆመው በክርስቶስ ሥራ ነው እንጂ በደረሰኛችን ንጽሕና አይደለም። አብርሃም ጽድቅ ሆኖ የተቆጠረለት ዘፍጥረት 15 ላይ ሲያምን ነው። ይስሐቅን ይዞ ወደ ሞሪያ የወጣው ምዕራፍ 22 ላይ ነው።

የሱሉልታው

በዚህ አልጣላህም። ግን በ15 እና በ22 መካከል ያለውን እየው። ምዕራፍ 16 ላይ አጋርን ወሰደ። 20 ላይ ጌራራ ሄዶ "እህቴ ናት" አለ፣ ያውም ግብፅ ላይ አንዴ ብሎት ነበር። የተቆጠረለት ጽድቅ አልተወሰደበትም። መታመኑ ግን ገና ልጅ ነበር። 22 ላይ ቢላዋ የያዘው ሰው 12 ላይ ሚስቱን እህቴ ያለው ሰው ነው። በመካከል ያደገው ምኑ ነው? ያ ሁሉ "ሂድ" እና ያ ሁሉ መንገድ ነው ያሳደገው። እግዚአብሔር በአንድ ቀን ሞሪያን አልጠየቀውም።

ሮሜ አንባቢ (ለገጣፎ)

እንዲህ ከሆነ እቀበላለሁ። መዳን አንድ ነው፣ የዳነ ሰው አባቱን ማወቅ ሌላ ነው። ሁለቱ እንዳይደባለቁ ብዬ ነው።

ነጠላ ጫማ (ሰበታ)

ወገን፣ ታላላቆቻችንን አትርሱ! አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዝ ሲሏቸው እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣልያን ጥይት ወደቁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ጊዜ ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፣ በ1971 ታፍነው ተገደሉ። የኮዬዋ፣ ካንቺ የሚጠየቀው ደረሰኝ ብቻ ነው!

ባለጀሪካኗ (ቱሉ ዲምቱ)

ወንድሜ፣ ሰማዕታቱን አከብራለሁ። ግን ልጇን ኬጂ ለምታደርስ ሴት ጥይት አይወራላትም። እነሱም ከመሞታቸው በፊት ብዙ ተራ ቀን ኖረዋል።

ነጠላ ጫማ (ሰበታ)

ሃሃ፣ እሺ እማማ። ተቀበልኩ።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። እንግዲህ ቁርጡን ልጠይቅ። ምን ላድርግ? ወዲያው ልውጣ? ወይስ ሌላ እስካገኝ እየዘጋሁ ልቆይ?

ኦዲተሩ (አያት)

የሙያዬ ስለሆነ ልግባበት። እስካሁን ዝም ያልኩት መንፈሳዊው ክርክር ስለጣመኝ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ከላይ "ደብተሩ የሰውዬው ነው" ተብሏል። ቫት 15 በመቶ ነው፣ አገራችን ላይ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይሄ ገንዘብ የነጋዴው አይደለም። ደንበኛው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፤ ነጋዴው ሰብስቦ ያስረክባል እንጂ። ስለዚህ "የገዛ ንብረቱን ነው የደበቀው" አይባልም። ደግሞ ምርመራ ሲመጣ ሁለተኛው ደብተር በማን የእጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ይታያል። ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ ማወቅ ስላለብሽ ነው።

ሁለተኛው፣ መውጣት ብቸኛው መታዘዝ አይደለም። ሉቃስ 3 ላይ ቀራጮች መጥምቁ ዮሐንስን "ምን እናድርግ?" አሉት። ቀረጥ መሰብሰብ ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ወታደሮቹንም ጦሩን ጥላችሁ ውጡ አላለም፤ በግፍ አትቀሙ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አለ። አብድዩ በንጉሥ አክዓብ ቤት አዛዥ ነበር። ከአክዓብ የባሰ አሠሪ የት ይገኛል? እዚያው ሆኖ መቶ ነቢያት በዋሻ ደብቆ መግቧል።

ሦስተኛው፣ አነጋገሩ ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። ዳንኤል 1ን እዪ። የንጉሡን ማዕድ አልበላም ብሎ ልቡ ውስጥ ቆርጧል። ሳህን ግን አልገለበጠም። አለቃውን በትሕትና ለመነ። አለቃው "ፊታችሁ ከስቶ ቢታይ ንጉሡ ራሴን ይቆርጠዋል" ሲለው ፍርሃቱን አልናቀበትም። "አሥር ቀን ጥራጥሬ ሰጥተህ ፈትነን" ብሎ አለቃው በላያቸው ለሾመው ጠባቂ ሌላ መንገድ አቀረበ።

እንግዲህ ለአንቺ። አሠሪሽን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ለብቻው አነጋግሪው። አትስበኪው። "ሁለተኛውን ደብተር ከዚህ በኋላ መዝጋት አልችልም፣ እምነቴ አይፈቅድልኝም" በይ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ የምትችይውን አቅርቢ። ስቶክ ቆጠራ፣ ግዢ፣ የሠራተኛ ደሞዝ መሥራት፣ ካስፈለገም መደብሩ በሙሉ ደረሰኝ ቢሸጥ ምን እንደሚያተርፍ አስልተሽ ማሳየት። እሱም የሚፈራው ነገር አለ። ጎረቤቱ ያለ ደረሰኝ እየሸጠ እሱ ብቻውን በደረሰኝ ቢሸጥ ደንበኛ ይሸሸዋል። ይሄ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ አታቃልዪበት።

ከመነጋገርሽ በፊት ግን የቅጥር ደብዳቤሽን ኮፒ ያዢ። ብትወጪ የሥራ ልምድና ክሊራንስ መጠየቅ መብትሽ ነው። ዕቁብ ካለሽ ዕጣሽ መቼ እንደሚደርስ አጣሪ፤ ከሚደርሰው ሰው ጋር መቀያየርም ይቻላል። ይሄ እምነት ማነስ አይደለም። ዮሴፍም እግዚአብሔር የነገረውን ረሃብ አምኖ ነው ጎተራ የሠራው።

"ሌላ እስካገኝ እየዘጋሁ" ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። "እስካገኝ" የሚባለው ቀን አይመጣም። ብዙ አይቻለሁ።

ወለተ ኪዳን (የካ አባዶ)

ኦዲተሩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቀኑን ንገሪን፣ እንጸልያለን።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)

ሐሙስ ጠዋት፣ መደብሩ ሳይሞላ።

የኮዬዋ (ኮዬ ፈጬ)

ተነጋገርኩ።

ሻይ አዝዞ ነበር፣ ለኔም አዘዘልኝ። ኦዲተሩ እንዳለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ልጨርስ ነበር፤ አምስት ስድስት ሆነብኝ። መጀመሪያ ሳቀ። "አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ" አለ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ተቆጣ። "እኔን ሌባ ማለትሽ ነው?" አለኝ። "አይደለም፣ እኔ ማታ መተኛት ስላቃተኝ ነው" አልኩት። ዝም አለ። ሻዩን አማስሎ አማስሎ ሳይጠጣው ቀረ።

ማታ ላይ ካሽ ሬጅስተሩን ለወንድሙ ልጅ ሰጠው። እኔን ወደ መጋዘን አዛወረኝ፣ ገቢና ወጪ ቆጠራ ላይ። ደሞዜ እንዳለ ነው ብሏል። ከሽያጭ አገኘው የነበረው ኮሚሽን ግን ቀርቷል፣ እሱም ቀላል አልነበረም። መደብሩ አሁንም "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ይላል። እሱን አልቀየርኩም። በዚህ መጋዘን ውስጥስ ስንት ነገር እንደሚገጥመኝ አላውቅም፤ የሱሉልታውን ታሪክ አንብቤያለሁና የገቢ ሞዴሉን ሳላየው አልፈርምም።

ኪራዩ ገና አልተፈታም። አከራዬን እስከ መስከረም ታገሺኝ ብያታለሁ፤ አስባለሁ ብላኛለች።

ስለ ልቤ ግን ልንገራችሁ። ሐሙስ ጠዋት መደብሩ በር ላይ ስደርስ አላመንኩም ነበር። ጉልበቴ ይብረከረካል። "ጌታ ሆይ፣ እምነቱ ስላልመጣ ሳልጠብቀው መግባቴ ነው" አልኩ። ጸሎቴ በሙሉ ይሄ ነበር። ማታ ታክሲ ውስጥ፣ ቂሊንጦን ካለፍን በኋላ፣ ፍርሃቱን ፈለግኩት። አለ፣ ግን ቀሏል። እንዲህ ብዬ ነው ላስረዳ የምችለው።

የሱሉልታው

ክብር ለእግዚአብሔር። መጋዘን ውስጥ የምትፈርሚውን ሁሉ ቆጥረሽ ፈርሚ። ቁጥሩን በፊደልም ጻፊው፣ በአኃዝ ብቻ ከሆነ ዜሮ ይጨመርበታል።

ኦዲተሩ (አያት)

ይሄ ምክር ወርቅ ነው። ቀሪ ኮፒውንም ራስሽ ጋ አስቀምጪ።

ቀጥተኛው (ጀሞ)

እኔ አሁንም ብሆን እቀመጥ ነበር ባይ ነኝ። ግን ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። የልጅሽ ትምህርት ቤት አካባቢ ርካሽ ቤት ከሰማሁ እጽፍልሻለሁ፤ ደላላ የሌለበት።

ጡረተኛው (አቃቂ)

ልጄ ቀጥተኛው፣ አንተም ማድጋ ማዋስ ጀመርክ ማለት ነው።

አዲስ ገቢ (ዓለም ገና)

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። የኔ ጥያቄ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዕዳ አለብኝ፣ የዘመድ ነው። አስራት ማውጣት መታዘዝ ነው ይላሉ። ዕዳዬን ሳልከፍል አስራት ላውጣ ወይስ መጀመሪያ ዕዳውን ልጨርስ? ዘመዴ ቤተ ክርስቲያን ስሰጥ ካየችኝ ታዝናለች።

ሮሜ አንባቢ (ለገጣፎ)

ማቴዎስ 5፡23 ላይ መባህን መሠዊያው ላይ ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ለዘመድህ ቀድመህ ንገራት። በየወሩ ስንት እንደምትከፍላት ተስማሙ። እሷ የማታውቀው ስጦታ እንዳይሆን።

ወለተ ኪዳን (የካ አባዶ)

እኔ ደግሞ ሁለቱም አብሮ ይሄዳል ባይ ነኝ፣ ትንሽ ትንሽ። ግን ይሄ ረጅም ወሬ ነው።

አወያይ

አዲስ ገቢ፣ ጥያቄህ ራሱን የቻለ ነው፣ እዚህ ተደብቆ እንዳይቀር ለብቻው ክር ክፈትበት። ይሄ ክር ክፍት ይቆያል። የኮዬዋ ስለ ቤት የሚጠቁማት ካለ በውስጥ መልእክት ይላክላት፤ ስልክ ቁጥር እዚህ አትለጥፉ።

አዲስ ገቢ (ዓለም ገና)

እሺ፣ ከፈትኩት። ጋሼ ጡረተኛው፣ እዚያም ይምጡልኝ።